የባሕር በግ

አንቲዶሮስ የገበያ ሹም የነበረው ለአንድ ዓመት ብቻ ነው፤ እሱም ዕጣ ወጥቶለት እንጂ ማንም መርጦት አይደለም። ዓመቱ ሲያልቅ ሹመቱም አለቀ፣ ዱላውንም ለተተኪው አስረከበ። አፉን የሚረከብለት ሰው ግን አልተገኘም። ከዚያ ወዲህ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ፣ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ በአቴንስ ገበያ መሀል ብቅ ሲል በለስ ሻጮቹ ቅርጫታቸውን ይሸፍናሉ። የሚፈሩት ሥልጣኑን አይደለም፤ ሥልጣን የለውም። የሚፈሩት ቃል ስለማያጣ ነው።

ለአንቲዶሮስ ሌባ ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። ከላይ ከላይ የበሰለውን በለስ ደርድሮ ከሥር ቅጠል የሚሞላው የራሱ ስም አለው። ሚዛን ላይ አውራ ጣቱን የሚያሳርፈው ሌላ ስም አለው። ከሚያሳፍር ቦታ ሳይቀር ትርፍ የሚለቅመውን «አይስክሮኬርዴስ» ይለዋል፤ ለየትኛውም ተንኮል እጁ የማይሰንፈውን «ፓኑርጎስ» ይለዋል። ከሁሉም አብልጦ የሚጠላው ግን «ፕሌኦኔክቴስ» የሚባለውን ነው፤ የራሱን ድርሻ በእጁ ይዞ ዓይኑን የጎረቤቱ ድርሻ ላይ የሚተክለውን። እነዚህን ቃላት እሱ አልፈጠራቸውም፣ ከአባት ከአያት የመጡ ናቸው። ካልበቁት ግን ከመፍጠር ወደ ኋላ አይልም። በሹመቱ ዓመት አንድ ነጋዴ በጎቹን ጨው እያላሰ፣ ከዚያ ውሃ እያጠጣ፣ ሆዳቸውን ነፍቶ ሚዛን ላይ ሲያወጣቸው ይዞት ነበር። ያኔ «የባሕር በግ» የሚል ስም አወጣላቸው። ቃሉ ዛሬም በገበያው ይሠራል።

በዚያው ዓመት ሚኮን የሚባል ዓሣ ሻጭ፣ ያደረ ዓሣውን ትኩስ ለማስመሰል ውሃ ሲረጭበት ያዘው። ሕጉ ዓሣ ላይ ውሃ መርጨት ይከለክላል። አንቲዶሮስ ዓሣውን መሬት ላይ አስደፋው፤ እስከዚህ ድረስ ሥራው ነው። ግን ሥራውን ጨርሶ ዝም ብሎ መሄድ የሚባል ነገር አያውቅም፤ ዞር አለና «ዝናቡ!» አለው። ገበያው በሳቅ ፈረሰ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሚኮን «ሚኮን ዝናቡ» ሆነ፤ ሚስቱ የዝናቡ ሚስት፣ ልጁ የዝናቡ ልጅ። ሰውዬው ከዚያ በኋላ አንዲት ጠብታ ውሃ ዓሣው አጠገብ አላደረሰም። ስሙ ግን አልለቀቀውም።

ሁለቱ የሚገናኙት በገበያ ብቻ ቢሆን ኖሮ ደግ ነበር። ነገር ግን የአንድ የወንድማማቾች ማኅበር ሰዎች ናቸው፤ አባቶቻቸውም አያቶቻቸውም አንድ መሠዊያ ዙሪያ ሥጋ ተካፍለዋል። በየዓመቱ ወይን ከተለቀመ በኋላ የማኅበሩ የሦስት ቀን በዓል ይመጣል። ስለ በዓሉ ስም ሽማግሌዎቹ ሲናገሩ፣ ድሮ አንድ ንጉሥ በማታለል ካሸነፈው ውጊያ የተገኘ ነው ይላሉ፤ ስለዚህ በማታለል ስም በተሰየመ በዓል ላይ እውነት ይማላል ማለት ነው። ይህን የሚታዘብ ግን የለም፤ ሁሉም ሥጋውን ነው የሚያስበው።

ሦስተኛው ቀን የልጆች ነው። ልጅ ያገኘ አባት ልጁን አቅፎ ይመጣል፤ ከልጁ ጋር በግ ይነዳል። በጉ ሚዛን ላይ ይሰቀላል፤ ከማኅበሩ ድንጋይ ማነስ የለበትም፤ ምክንያቱም ሥጋው ለወንድሞች ሁሉ እኩል ይከፋፈላል። እንግዲህ በጉ የፈለገውን ያህል ቢሰባ፣ ሚዛኑን ቢያጎብጥ፣ ወንድሞች ሁሉ ዙሪያውን ቆመው «አነሰ! አነሰ!» እያሉ መጮኻቸው አይቀርም። አባትየው ይቆጣል፣ ይምላል፣ የበጉን ላት ያሳያል፤ እነሱ ይስቃሉ። ከዚያ በጉ ወደ መሠዊያው ይወሰዳል።

ጨዋታው እዚያ ላይ ያበቃል። በጉ መሠዊያው ሥር ቆሞ ሳለ ከወንድሞች አንዱ ገመዱን ይዞ ከመሠዊያው ካራቀው፣ «ይህ ልጅ የእኛ አይደለም» ማለት ነው። ስሙ ያልተጻፈ ልጅ የአባቱን ቤት አይወርስም፣ በጉባኤ እጁን አያነሣም፤ በተወለደበት ከተማ ባይተዋር ሆኖ ያረጃል።

ሠላሳ ዓመት ሙሉ «አነሰ!» በማለት አንቲዶሮስን የሚስተካከል አልነበረም። ገና በጉ ከደጅ ሳይገባ ይጀምራል። አንድ ጊዜማ አንድ ምስኪን አባት ከበግ ትልቅ የሆነ ፍየል ይዞ ቢመጣ፣ «ጢሙን ሲላጭ ምን ሊቀረው ነው?» ብሎ ሰውዬውን ሊያስለቅሰው ምንም አልቀረውም። ያኔ አንቲዶሮስ ልጅ አልነበረውም፤ ስለዚህ መልስ የሚሰጥበት ቀን አይመጣም ብለው ሁሉም ተስፋ ቆርጠው ነበር።

ቀኑ መጣ። በአምሳ ዓመቱ ሚስቱ ሜሊታ ወንድ ልጅ ወለደችለት፤ በአያቱ ስም ኤውቲኖስ አሉት። አምና ልጁ ስለታመመ ወደ በዓሉ አልመጣም። አንቲዶሮስ ግን ብቻውን መጥቶ እንደ ልማዱ ሲጮኽ ዋለና መጨረሻ ላይ፣ «ከርሞ የእኔን በግ ስታዩ ሚዛን ለውጡ፤ ይሄ አይችለውም!» ብሎ ፎከረ። ማንም እንዲፎክር አልጠየቀውም።

በጉ ግን ፉከራውን አልሰማም ነበር። ስምንት ወር ሙሉ ገብስ ቀረበለት፣ የወይራ ቅጠል ቀረበለት፣ ሜሊታ በእጇ እያጎረሰች ለመነችው። አሽትቶ ይተወዋል። ጨዋ ቤት ያደገ በግ ነበር። ፀጉሩ እየረዘመ ሄዶ ከሩቅ ሲያዩት የሰባ ይመስላል፤ እጅ ሲገባበት ግን አጥንት ነው የሚገኘው። ሌላ በግ ደግሞ የለም፤ ማኅበሩ የሚቀበለው ቤት ያደገ በግ ብቻ ነው።

በበዓሉ በሦስተኛው ቀን ማለዳ ሜሊታ ልጁን ታቅፋ ወደ ጓሮ ብትወጣ፣ ባሏን በጉ አጠገብ ተንበርክኮ አገኘችው። መዳፉን ለበጉ አፍ ዘርግቶለታል። አጠገቡ በውሃ የተሞላ ገንዳ አለ።

«ምን እያላስከው ነው?» አለችው።

«ጨው።»

«ለምን?»

«ለጤናው።»

«ዛሬ ለሚታረድ በግ?»

አንቲዶሮስ ሌላ እፍኝ ጨው ዘረጋ። በጉ ስምንት ወር የነፈጋቸውን ጉጉት ዛሬ አገኘውና መዳፉን እስከ አንጓው ላሰው፤ ከዚያ ገንዳው ውስጥ አፍንጫውን ነክሮ ይምገው ጀመር።

«ይሄ ነገር ስም አልነበረውም እንዴ?» አለች ሜሊታ። «አንተ ነህ ያወጣህለት፤ ምን ነበር... የባሕር ምን?»

«እሱ ሌላ ነው። ያ ሰውዬ ሊሸጥ ነው ያጠጣው። እኔ እየሸጥኩ አይደለም።»

«እና ምን እያደረግህ ነው?»

«እያስተካከልኩ።»

ለአሥራ አንድ ዓመት የሌላውን ሰው ኃጢአት በስም በስሙ ሲጠራ የኖረ ሰው ለራሱ ሥራ ያገኘው ቃል ይሄ ነበር፤ ማስተካከል። ሜሊታ በጉን አየችው፣ ባሏን አየችው። ልትስቅ ነበር፤ ፊቱን ስታይ ተወችው።

«አንተ ሰውዬ፣ ይጩኹብህ» አለችው። «ሠላሳ ዓመት ጮኸህባቸዋል፤ አንድ ቀን ቢጮኹብህ ምን ትሆናለህ? እነሱ ሲጮኹ እኔ አልፈራም። የምፈራው ዝም ያሉ ዕለት ነው።»

«ሚኮንን አታውቂውም» አለ አንቲዶሮስ ዝቅ ባለ ድምፅ። «በጉ ቢጎድል ሰበብ ነው የሚሆነው። አሥራ አንድ ዓመት ሲጠብቀኝ ኖሯል። እሱ ገመዱን ቢይዝስ?»

ሚኮንን መፍራቱ እውነት ነበር። ብቻ ሰው የሚፈራውን ነገር ለመሸሽ ሲሮጥ ብዙ ጊዜ የሚደርሰው እዚያው ነው፤ አንቲዶሮስም ሮጠ።

«አነሰ!» አለ ልጁ ከእናቱ ክንድ ላይ ሆኖ፣ ገንዳው ሲጎድል እያየ። የመጀመሪያ ቃሉ ይሄ ነበር። እማ ሳይል፣ አባ ሳይል። አባቱ ማዕድ ላይ ባቄላው ሲቀርብ «አነሰ!»፣ ወይኑ ሲቀዳ «አነሰ!» እያለ ሲጮኽ እየሰማ አደገና ለልጁ የመብል ስም መሰለው።

አንቲዶሮስ ልጁን ትከሻው ላይ አድርጎ፣ በጉን በገመድ እየሳበ ሄደ። በጉ ሲራመድ ሆዱ ውስጥ ውሃው ወዲያና ወዲህ ይማታል። በጠባቡ መንገድ ላይ ድምፁ ጎልቶ ተሰማው፤ ስለዚህ እስኪደርስ ድረስ ያለ ማቋረጥ ሳለ።

መሠዊያው ያለው በግንብ በታጠረ ግቢ ውስጥ፣ ከአንድ ትልቅ የወይራ ዛፍ አጠገብ ነው። ሚዛኑ ዛፉ ላይ ተንጠልጥሏል። ወንድሞች ሁሉ በጊዜ መጥተዋል፤ ከወትሮው ሰዓት አስቀድመው። በሌላው ዓመት ግማሹ ሥጋው ሲበስል ነበር የሚደርሰው። ዛሬ የአንቲዶሮስ ቀን ነው፤ ከደቀሌያ መንደር ሳይቀር በሌሊት ተነሥተው በእግር የመጡ አሉ። ጉሮሮአቸውን በማር ሲያለሰልሱ ያያቸው ሁሉ ምን እንዳሰቡ ያውቃል።

«መጣ!» አለ አንዱ። «መጣ ሚዛን ሰባሪው!»

«ሚዛኑን ደግፉት!»

«በጉ የታለ? የማየው ሱፍ ብቻ ነው!»

አንቲዶሮስ ከንፈሩን ነክሶ በጉን ለማኅበሩ አለቃ አስረከበ። አለቃው ሄጌሞን ይባላል፤ ሰማንያ የሞላው፣ ጆሮው የከበደ፣ ሕጉን በቃል የሚያውቅ ሽማግሌ ነው። በጉን በሰፊ ማሰሪያ አንጠለጠሉት። በሌላው ጫፍ የማኅበሩ ድንጋይ አለ። ሁሉም አፉን ከፍቶ፣ ደረቱን በአየር ሞልቶ ጠበቀ።

ድንጋዩ ተነሣ። በጉ ወረደ።

ከዚያ በኋላ የሆነው እንዲህ ነው፦ አርባ ሰው የተከፈተ አፉን ምን እንደሚያደርግበት ጠፋው። በእርግጥ በጉ ቢከብድም መጮኽ ይፈቀዳል፤ ልማዱም ያ ነው። ግን እነዚህ ሰዎች ለሠላሳ ዓመት ብድር የመጡ ናቸው፤ በውሸት መጮኽ አላረካቸውም። አንዱ «አነ...» ብሎ ጀመረና ድምፁ እዚያው ሞተ።

«ምነው?» አለ አንቲዶሮስ፤ ደስታው እስከ ጆሮው ደርሶ። «ጉሮሮ አመማችሁ እንዴ? ማሩ አልሠራም?»

እዚህ ላይ ዝም ቢል ኖሮ ምናልባት ነገሩ በደህና ያልፍ ነበር። ግን አንቲዶሮስ ነው።

«ይኸውላችሁ» አለ፣ ልጁን ከትከሻው አውርዶ እያቀፈ። «በግ ማለት እንዲህ ነው። ሚዛን አይዋሽም። ሚዛን ላይ ሲወጡ የሚያፍሩት እነማን እንደሆኑ ደግሞ እኔ አውቃለሁ።» ይህን ሲል ዓይኑ ሳያስበው ወደ ሚኮን ሄደ።

ሚኮን ከሁሉም ኋላ፣ ቅርጫቱን እግሩ ሥር አስቀምጦ ቆሟል። ለበዓሉ ማዕድ ዓሣ ይዞ መጥቷል፣ በየዓመቱ ያመጣል። እንደ ሌሎቹ አፉን አልከፈተም ነበር። እሱ የሚያየው የበጉን ሆድ ነው። ዕድሜውን በሙሉ ውሃና ሥጋ አብሮ ያየ ሰው ስለሆነ የሚያየውን ያውቃል።

በጉን ወደ መሠዊያው ወሰዱት። ሄጌሞን ለወንድሞች ጠባቂ ለዜውስና ለአቴና ጸለየ፤ ከዚያ በእጁ ውሃ ዘግኖ በበጉ ራስ ላይ ረጨ። በጉ ራሱን ነቅነቅ ሲያደርግ «እሺ» እንዳለ ይቆጠራል፤ እሺ ያላለ በግ አይታረድም።

በጉ ግን ራሱን አልነቀነቀም። ቀዝቃዛው ውሃ ሲነካው ደነገጠ፣ የኋላ እግሮቹን ሰፋ አድርጎ ተከለ፣ ሰማዩን አየ። ከዚያም ለቀቀው።

የለቀቀው እንዲህ በቀላሉ የሚያልቅ አልነበረም። ሰው ጸሎት ጀምሮ እስኪጨርስ ድረስ ይወርዳል። ያቆመ ሲመስል ትንፋሹን ሰብስቦ እንደገና ይጀምራል። ጅረቱ በድንጋዮቹ መሀል መንገድ አግኝቶ ቁልቁል ወረደና የሄጌሞንን ጫማ ዞረው። የበጉ ሆድ በሁሉም ዓይን ፊት እየጎደለ፣ እየጎደለ ሄዶ ሱፉ እንደ ተዋሰው ልብስ ተንጠለጠለበት።

«የባሕር በግ» አለ አንዱ በሹክሹክታ።

አንቲዶሮስ ሳቁን ጠበቀ። ይሳቁ፣ ይጩኹ፣ የፈለጉትን ይበሉት፤ እሱ ራሱ ቢሆን ምን ይላቸው እንደነበር ያውቃል። ማንም አልሳቀም። አርባ ሰው ቆሞ አየው። ሜሊታ የፈራችው ዝምታ ይሄ መሆኑን ያን ጊዜ ገባው።

በዚያ ዝምታ ውስጥ ሚኮን ሰዉን እየሰነጠቀ ወደ ፊት መጣ። ቸኩሎ አይደለም፤ ቀስ ብሎ ነው የመጣው። ጎንበስ አለና የበጉን ገመድ ከመሬት አነሣ። ከመሠዊያው አራቀው።

አንድ እርምጃ። ሁለት።

«ሚኮን!» አለ ሄጌሞን። «ልጄ፣ የያዝከው ምን እንደሆነ ታውቃለህ?»

«አውቃለሁ፣ አባቴ።»

«የምትቃወመው ልጁን ነው?»

«ገና አልቆረጥኩም። ብቻ አንድ ነገር ንገሩኝ። ይሄ ሰው አሁን መሠዊያው ላይ እጁን ጭኖ፣ "ይህ ልጅ ከሚስቴ የተወለደ ልጄ ነው" ብሎ ሊምልልን ነው። በበጉ የዋሸን ሰው በልጁ እንደማይዋሽ በምን ልወቅ? ያው እጅ ነው። አፉም ያው አፍ ነው።»

ጥያቄው ልክ ነበር። አንቲዶሮስም ልክ መሆኑን አወቀ። ልጁን አጥብቆ ከመያዙ የተነሣ ኤውቲኖስ መነጫነጭ ጀመረ።

«አንተን ልጠይቅ እንጂ» አለ ሚኮን ወደ አንቲዶሮስ ዞሮ። «አንተ ቃል አታጣም። ዕቃውን በውሃ ሞልቶ ሚዛን ላይ የሚያወጣ ሰው ማን ይባላል?»

ቃላቱ ሁሉ መጡለት። ያ ነበር ችግሩ። አይስክሮኬርዴስ መጣ፣ ልኩ ሆነ። ፓኑርጎስ መጣ፣ ልኩ ሆነ። ያልተገባውን ክብር የተመኘው ደግሞ ያው የሚጠላው ፕሌኦኔክቴስ አይደለም ወይ? ሌላውን ሰው ሲያለብስ የኖረውን ልብስ ሁሉ በየተራ ቢለካው አንዱም አልጠበበውም። አፈረ፤ ከልቡ አፈረ። ግን ከሐፍረቱ ይልቅ ፍርሃቱ ይበልጥ ነበር፤ አንገቱ ሥር የሚተነፍሰው ልጅ ምንም አላጠፋም።

«ዝናቡ» አለ በመጨረሻ።

ሚኮን ፊቱ ጠቆረ። ሰዎቹ አጉረመረሙ፤ በዚህ ሰዓት እንኳ ሰውዬውን ይሰድበዋል ብለው ነው።

«ዝናቡ ነው የሚባለው» አለ አንቲዶሮስ። «ስሙን እኔ ነኝ ያወጣሁት፤ አሁን ደግሞ የእኔ ነው። መልስልኝ። አንተ ያደረግከውን አደረግኩ፤ ከአንተም የባስኩት እኔ ነኝ፣ ሕጉን አውቃለሁ፣ ፎክሬም ነው ያደረግኩት። ከዛሬ ጀምሮ አንተን በዚያ ስም የጠራህ ሁሉ ሰው ተሳስቶበታል።»

«አንድ ቀን ነው ውሃ የረጨሁት» አለ ሚኮን። ቀስ ብሎ ተናገረ፤ ብዙ ጊዜ ለብቻው ሲናገረው የኖረ ነገር መሆኑ ያስታውቃል። «አንድ ቀን። አንተ አሥራ አንድ ዓመት ዘነብክብኝ። ልጄን የዳርኩ ዕለት እንኳ፣ መንገድ ላይ ሙሽራዋን ሲያዩ "ካባችሁን ተከናነቡ፣ የዝናቡ ልጅ መጣች" አሉ። ዘፈኑ መሀል ስታለቅስ አየኋት።»

አንቲዶሮስ ይህን አያውቅም ነበር። ልጅ ባይኖረው ኖሮ ላይገባው ይችል ነበር፤ አሁን ግን ልጁ እቅፉ ውስጥ ነው።

«በጉ ውሸት ነው» አለ። «ጨዉም ውሸት ነው፣ ፉከራዬም ውሸት ነው። ልጁ ግን እውነት ነው፣ ሚኮን። እኔን እንደፈለጋችሁ አድርጉኝ። እሱን ተዉልኝ።»

ሚኮን ገመዱን ሳበ። አንቲዶሮስ ዓይኑን ጨፈነ። ወደ ግቢው በር የሚሄደውን ኮቴ ለመስማት ጠበቀ፤ ኮቴው ግን ወደ በሩ አልሄደም። ዓይኑን ሲገልጥ ሚኮን ዛፉ ሥር ነው፤ በጉን እንደገና ሚዛኑ ላይ እያንጠለጠለው ነው።

«በደረቁ እንመዝነው» አለ ሚኮን።

ለቀቀው። ድንጋዩ ንቅንቅ አላለም። በጉ አየር ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ፤ ቀላል፣ ባዶ፣ የተገረመ ዓይኑን እያንከራተተ። ያን ያህል ትንሽ በግ በዚያ ሚዛን ላይ ወጥቶ አያውቅም ነበር። ወንድሞች በጉን አዩ፣ ሚኮንን አዩ፤ መሳቅ ይፈቀድ አይፈቀድ የሚያውቅ ሰው ስለሌለ ሁሉም ትንፋሹን ያዘ።

«አነሰ!»

ድምፁ ቀጭን ነበር፤ ግን ጥርት ያለ። ሁሉም ዞረ። ኤውቲኖስ በአባቱ ክንድ ላይ ቀጥ ብሎ፣ ሌባ ጣቱን ወደ ራሱ በግ ቀስሮ፣ እንዳልተሰማ ስለመሰለው እንደገና ጮኸ። «አነሰ! አነሰ!»

መጀመሪያ የሳቀው ሚኮን ነው። ለመቆጣት ሞክሮ አልሆነለትም፤ ትከሻው ተንቀጠቀጠ፣ ከዚያ ሆዱን ይዞ ጎንበስ አለ። ግቢው ተከተለው። ከደቀሌያ በእግራቸው የመጡት ሰዎች እርስ በርስ ተደጋግፈው ዓይናቸውን ጠረጉ።

«አባቴ» አለ ሚኮን ለሄጌሞን፣ ትንፋሹ ሲመለስለት። «ጥያቄዬን አንሥቻለሁ። መሐላ አያስፈልገኝም። ይሄ ልጅ የማን እንደሆነ የሚጠራጠር ካለ ጆሮ የለውም!»

«ምን አለ?» አለ ሄጌሞን፤ ጆሮው ከባድ ነው። «ልጁ ምን አለ?»

«አነሰ!» ብለው አርባ ሰዎች በአንድ ድምፅ መለሱለት፤ ሲጀምሩት ደግሞ የሚያቆማቸው ጠፋ። ከማለዳ ጀምሮ ደረታቸው ውስጥ የያዙት ነገር ነው። የሠላሳ ዓመቱን ሁሉ ጮኹበት። «አነሰ! ድመት ነው! ነፋስ መጣ፣ በጉን ያዙ! የባሕር በግ! ባሕሩ ደረቀ!» አንቲዶሮስ መሀል ቆሞ ሰማ። እንባው በጢሙ ላይ ወረደ፤ በሕይወቱ እንደዚህ ደስ ብሎት ተሰድቦ አያውቅም።

«ይሁን እንጂ ድንጋዩ ካልተነሣ አላርድም» አለ ሄጌሞን። «ሕግ ነው።»

ሚኮን ወደ ቅርጫቱ ሄደና እንደ ክንድ የሚረዝም ዓሣ በጅራቱ ይዞ ተመለሰ። የበጉ እግር ላይ ከማሰሩ በፊት ግን አንቲዶሮስ ፊት ዘረጋው።

«ዳስሰው» አለው። «ሹም ነበርክ አይደል? ዳስሰውና በሰው ፊት ተናገር።»

አንቲዶሮስ ዳሰሰው። ጀርባውን፣ ሆዱን፣ ስንጥቡን። ከዚያ ገበያ መሀል ይጮኽ በነበረበት በዚያ ድምፁ፣ «ደረቅ ነው!» አለ። «የሚኮን ዓሣ ደረቅ ነው! ይህን ገበያ ውስጥም ደግሜ እናገራለሁ!»

ዓሣው ታሰረ። ድንጋዩ ከመሬት ቀስ ብሎ ተነሣ፣ ሚዛኑ ወዲያና ወዲህ ብሎ ልክ ሆነ።

«አነሰ!» አሉ ወንድሞች፤ እንዲሁ ለልማዱ።

ሄጌሞን ሕጉ ክብደት ይላል እንጂ ሱፍ ይኑረው ቅርፊት አይልም ብሎ ፈረደ። በጉ ወደ መሠዊያው ተመለሰ። ውሃ ሲረጭበት ራሱን ነቀነቀ፤ የሚለቀው ሌላ ነገር አልቀረውም። አንቲዶሮስ እጁን መሠዊያው ላይ ጭኖ ማለ፣ ገመዱንም ማንም አልነካ። የልጁ ስም ከአባቱ ስም ሥር ተጻፈ። ሥጋው በዕጣ ሲከፋፈል ለአንቲዶሮስ አንገት ደረሰው፤ ግማሹ አጥንት ነው። ሁሉም ምን ይል ይሆን ብሎ አየው። በቅጠል ጠቅልሎ፣ አመስግኖ ተነሣ።

ሜሊታ ከቀትር ጀምራ ደጃፍ ላይ ቆማለች። ፀሐይ ሳትጠልቅ ባሏ ልጁን ትከሻው ላይ አድርጎ ሲመጣ አየችው፤ ከኋላው ጎረቤቶች በየበሩ ብቅ እያሉ «የባሕር በግ!» ይሉታል፤ ወሬው ከእሱ ቀድሞ ሰፈር ገብቷል። ፊቱን ለማየት ሞከረች። ዓይኑ አብጧል።

«ጮኹ?» አለችው።

«ጮኹ።»

«ሁሉም?»

«ሁሉም። ሚኮንም ጮኸ።»

ሜሊታ ግንቡን ተደግፋ በረጅሙ ተነፈሰች። ከዚያ ነገሩ ሳቅ ሳቅ አላትና፣ «ማን ጀመረው?» አለችው። «ማን ነው ደፍሮ አንተ ላይ መጀመሪያ የጮኸው?»

አንቲዶሮስ ልጁን ከትከሻው አወረደና ፊት ለፊቷ አቆመው።

«አዲሱ ወንድማችን» አላት።